ኮርስ ከመምረጥሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በፊዚዮቴራፒ ከጎንደር ተመርቀሽ ሆስፒታል እየሠራሽ ነው። አሁን ከፍ ያለ ሥልጠና ፈልገሽ፣ ከማክኬንዚ (በተለይ ለወገብና ለአንገት ሕመም የሚሆን የምርመራና የእንቅስቃሴ ዘዴ)፣ ከቦባት (ስትሮክ የመታቸውን እንቅስቃሴ የማስተማሪያ ዘዴ) እና ከማኑዋል ቴራፒ (መገጣጠሚያንና ጡንቻን በእጅ ማከም) የቱ ይሻላል ብለሻል።

ለምርመራ ብዙ ሰዓት የሚሰጠውን ያዢ። የእጅ ቴክኒክ የሚያሳይ ሞልቷል። ሰው ሲራመድ አይቶ «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ መፈለግን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው።

ስትሮክ የመታውን ታካሚ አስቢ። እግሩን በውጭ በኩል እያዞረ ይራመዳል። የእግሩን ጫፍ የሚያነሳው ጡንቻ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ፣ ጭኑን የሚያነሳው አቅም አጥቶ፣ ወይም ባቱ ይዞት ይሆናል። አካሄዱ ያው ነው፣ ሕክምናው ግን ለየቅል።

ባቱን ከጠረጠርሽ አስተኚው። ጉልበቱን ዘርግተሽ የውስጥ እግሩን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ግፊ። ከዚያ ጉልበቱን አጥፈሽ ድገሚው። ሲታጠፍ ከለቀቀልሽ፣ የያዘው ጉልበትን ተሻግሮ የሚያልፈው የባት ጡንቻ፣ ጋስትሮክኒሚየስ ነው። ካልለቀቀ ከሥሩ ያለውን የባት ጡንቻ፣ ሶሊየስን፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን መገጣጠሚያ እይ። ቀጥለሽ በፍጥነት ግፊ። በዝግታ የሄደው በፍጥነት ሲሆን መሃል ላይ ቀጥ ካለ፣ ስፓስቲሲቲ አለ፣ ማለትም ጡንቻው በፍጥነት ሲለጠጥ በራሱ ይኮማተራል፤ ጡንቻውን ስለሚያላላው የቦቱሊነም መርፌ ሐኪሙን አነጋግሪ። በዝግታም በፍጥነትም እዚያው ቦታ ከቆመ ጡንቻው አጥሯል፤ ቀስ በቀስ እንዲዘረጋው በየጊዜው የሚቀየር ጀሶ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደራርበው ነው የሚመጡት። አንድ አልጋ ላይ፣ ያለ ምንም ማሽን፣ ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ የወገብ ሕመም የሚበዛብሽ ከሆነ ማክኬንዚ ጥሩ ነው። አንድን እንቅስቃሴ እያስደጋገምሽ ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ሲሰበሰብ መከታተልን ያስለምድሻል። ከኤ እስከ ዲ ያሉትን የኮርሱን ክፍሎች ተምረሽ ነው ፈተና የምትቀመጪው።

ቦባትን ግን ለስትሮክ ብዬ አላስቀድመውም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ስለሆነ ቅር የሚለው ይኖራል። ነገር ግን ከሌሎቹ የስትሮክ ሕክምና ዘዴዎች እንደሚበልጥ ጥናቶች አላሳዩም። ታካሚው ከወንበር መነሳት ካቃተው፣ መነሳቱን ራሱን እየደጋገመ ይለማመድ።

ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። አሠልጣኙ እውነተኛ ታካሚ ፊትሽ ይመረምራል? አንቺስ ስትመረምሪ ቆሞ ያርምሻል? በኦንላይን ብቻ ከሆነ ንድፈ ሐሳቡን ታገኚበታለሽ፣ እጅሽ ግን አይማርም። ፕሮግራሙን እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።