በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ሳያውቅ ሮቦቱ እንዴት ይወስን?

ጥያቄ፦ በመጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ትንሽ ሮቦት ሠርቻለሁ። በአቋራጩ መንገድ ላይ ያለው የመስታወት በር አንዳንድ ጊዜ ይዘጋል። ሮቦቱ በሩ ሲዘጋበት ወደ ዙሪያው መንገድ ይታጠፋል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ወደዚያው በር ይመለሳል። እንዲህ ሲመላለስ ባትሪው ያልቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንደገለጹልኝ ከሆነ ችግሩ መንገድ በሚመርጠው የፕሮግራሙ ክፍል ሳይሆን ስለ በሩ የሚታወቀው ነገር በሚቀመጥበት ቦታ ነው። በካርታዎ ላይ በሩ ወይ «ክፍት» ወይ «ዝግ» ነው፤ ከሴንሰሩ ዕይታ ሲወጣም ወደ መነሻው «ክፍት» የሚመለስ ይመስላል። ስለዚህ ሮቦቱ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ያየውን ይረሳል፤ አቋራጩም እንደገና ያጓጓዋል።

በሁለቱ ቃላት ፈንታ በሩ ክፍት የመሆኑን ዕድል የሚያሳይ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ያስቀምጡ። ቁጥሩ ሴንሰሩ ባነበበ ቁጥር በቤይዝ ሕግ (የቀድሞውን ግምት ከአዲሱ ንባብ ጋር በሚያጣምር የዕድል ስሌት) ይታደስ፤ በሩ ካልታየ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 0.5 ይመለስ።

ቀጥሎም ማየትን ራሱን ዋጋ እንዳለው ድርጊት ቆጥረው በዕቅዱ ውስጥ ያስገቡት። ዝግ በር ላይ ደርሶ መመለስ 60 ሰከንድ፣ ዙሪያውን መሄድ ደግሞ 25 ሰከንድ ያባክናል እንበል። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን በጭፍን ወደ በሩ መሄድ በአማካይ 30 ሰከንድ ስለሚያስከፍል ዙሪያው ይሻላል። ሴንሰሩ ከአሥር ስምንቱን ጊዜ ትክክል ከሆነና ከርቀት ቆሞ ማየት 3 ሰከንድ ከወሰደ ግን፣ «ክፍት» ሲባል በ12 ሰከንድ አማካይ ኪሳራ (ከአሥር ሁለቱን ጊዜ 60 ሰከንድ ስለሚያባክን) ወደ በሩ እየሄደ፣ «ዝግ» ሲባል በ25 እየዞረ፣ ማየቱ የወሰደው ጊዜ ተጨምሮ አማካዩ 21.5 ይሆናል። ሁለተኛ ማየት አያዋጣም፤ «ክፍት» ከተባለ በኋላ ቢደገም ኪሳራው ከ12 ወደ 13.4 ገደማ ያድጋል።

ነገር ግን የእርስዎ በር መስታወት ነው። የሌዘር ጨረር መስታወቱን አልፎ ዝጉን በር «ክፍት» ሊለው ስለሚችል፣ ከአንድ ቦታ አሥር ጊዜ ማየት ያንኑ ስሕተት አሥር ጊዜ መድገም ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን አንድ የአልትራሳውንድ ሴንሰር (በብርሃን ፈንታ በድምፅ የሚለካ) እጨምርበት ነበር፤ የትክክለኛነቱንም መጠን ከአምራቹ ወረቀት ሳይሆን እዚያው በር ፊት ፈትኜ እወስደዋለሁ።

ይህን ሁሉ ትቶ፣ ይሆናል በተባለው አቅዶ ያልተጠበቀ ሲያጋጥም እንደገና ማቀድም አለ። ዘዴው የሚናቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕቅድ አውጪ ፕሮግራሞች ውድድር በዕድል ላይ የተመሠረተውን ዘርፍ ያሸነፈው ኤፍኤፍ ሪፕላን የተባለ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። ሆኖም የሚያዋጣው ስሕተቱ የሚታረም ሲሆን ነው። ዝግ በር ጊዜ ቢያባክን እንጂ ሮቦቱን አይሰብርም፤ በመጋዘኑ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ካለ ግን በዚያ በኩል ያልታየውን ወለል ሁሉ እንደ ገደል ይቁጠረው።