የቢጫ ወባ ክትባት ወስጃለሁ፤ ታዲያ ይሄ ብርድ ብርድ የሚለኝ ከምን መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የተጋባነው በጥር ነው። መልሱና ቅልቅሉ ሲያልቅ ከባለቤቴ ጋር ለጫጉላ ወደ ዛንዚባር ሄደን 8 ቀን ቆየን። የመጨረሻው ቀን በረራችን እስኪደርስ ድረስ ባሕር ውስጥ ነበርን። ጣና ዳር ስላደግኩ ውሃ አልፈራም። ወደ አዲስ አበባ ስንበር ግን ቀኝ ጆሮዬ ድፍን አለብኝ፣ ባሕር ዳር ስንደርስ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ከተመለስን 6 ቀናችን ነው። ጆሮዬን ያሳክከኛል፣ ስነካውም ያመኛል። ጀርባዬም ተልጧል። አማቴ የሞቀ ዘይት ጠብ አድርጊበት ይሉኛል። አውሮፕላኑ ጎድቶት ይሆን? ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴንም ያመኛል። የጉዞ ድካም መስሎኛል። ወባ ነው እንዳልል የቢጫ ወባ ክትባት ወስጃለሁ፣ አሁን የወባ ጊዜም አይደለም።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት እህቴ፣ ትዳራችሁ የተባረከ ይሁን። የጠየቁኝ ስለ ጆሮዎ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ይህን እንዳነበቡ ዛሬውኑ ሄደው ለወባ ደምዎን ይመርመሩ። ነገ አይበሉ።

ያሳሳተዎት ስሙ ነው። ቢጫ ወባ፣ ወባ ይባል እንጂ ወባ አይደለም። ቢጫ ወባን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ወባን የሚያመጣው ደግሞ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ የሚራባ ጥገኛ ተውሳክ ነው። የሚያስተላልፏቸው ትንኞች እንኳ ይለያያሉ። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ በቀን ትነክሳለች፣ የወባዋ አኖፌለስ ደግሞ በሌሊት። በቢጫዋ ካርድዎ ላይ የተመታው ማኅተም ለቢጫ ወባ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለወባ ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ አይከላከልም። እርስዎን አልወቅስም። ይህንኑ ከብዙ የተማሩ ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። ክትባቱን የሚሰጥ ባለሙያ መርፌውን ከመውጋቱ በፊት «ይሄ ለወባ አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

የወባ ጊዜ አይደለም ያሉት ግማሹ እውነት ነው። በእኛ አካባቢ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየቦታው ሲያቁር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለት ነው። በበጋ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አጠገቧም ሐይቅ አለ፤ ለወባ ትንኝ የምትመች ናት። ከዚህም በላይ የሄዱበት አገር ሌላ ነው። ዛንዚባር ወባን በብዙ ቀንሳዋለች፣ ግን አላጠፋችውም። ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጀምረው። እስቲ አብረን እንቁጠር። እዚያ 8 ቀን ቆዩ። ትኩሳቱ የጀመረዎት በተመለሱ በ4ኛው ቀን ነው። እዚያ ባደሩበት የመጀመሪያ ሌሊት አንዲት ትንኝ ነክሳዎት ከሆነ፣ ብርዱ በጀመረዎት ቀን 12ኛ ቀኗ ነበር። ልክ የሚጠበቅበት ጊዜ ላይ ነን።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በየካቲት ወደ እኔ መጣ። ቆላ ሄዶ ሥራ ሠርቶ መመለሱን ለማንም አልተናገረም፣ የጠየቀውም አልነበረም። ቤት ውስጥ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸለት። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ተስቦ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ግን የት ከርመህ መጣህ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ በሦስት ቀን ይድን ነበር። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሲደርሱ ገና «ከዛንዚባር ከመጣሁ 6 ቀኔ ነው» ይበሉ። ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይበሉ።

ምርመራው ቀላል ነው። ከጣትዎ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እኛ ቢ ኤፍ የምንለው ነው። ወባ የለም ከተባሉ ግን እፎይ ብለው አይቅሩ። ተውሳኩ በጅምሩ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ትኩሳቱ ካልተወዎት በማግስቱ ይድገሙት፣ ካስፈለገም ሦስተኛ ጊዜ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ ተሠርቶ «ታይፎይድ አለብሽ» ተብለው ወባው ሳይታይ እንዳይሸኙም ይጠንቀቁ። ዊዳል ብቻውን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

አንድ የግል ነገር ልጠይቅዎት፤ የወር አበባዎ ቀርቷል? አዲስ ሙሽራ ስለሆኑ ነው። እርግዝና ካለ ወባው ለእናትም ለጽንሱም ይከብዳል፣ የመድኃኒቱም ምርጫ ይለወጣል። ለምሳሌ ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከተጠራጠሩ የሽንት ምርመራውንም አብረው ያሠሩ።

እስከዚያ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይውሰዱ። ዛንዚባር ውስጥ ዴንጊ የሚባል፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ የትኩሳት በሽታም አለ፣ ትኩሳቱ ከዴንጊ ከሆነ እነዚህ መድኃኒቶች መድማት ሊያመጡ ይችላሉ። ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒትም ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። ደጋግሞ ካስመለሰዎት፣ ሐሳብዎ ከተምታታ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ተራ ይዞ መጠበቅ የለም። ሌሊትም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ጆሮዎ። አውሮፕላኑ ነው ብዬ አላምንም። ጆሮን በበረራ የሚያስጨንቀው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ስንወርድ የውጪው አየር ግፊት ይጨምርና የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደግሞ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው የሚደረገው። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ከዛንዚባር መጥተው ቦሌ ሲያርፉ ጆሮዎ ብዙም አልወረደም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውም ቁልቁለት 500 ሜትር ቢሆን ነው። ጆሮዎን የፈተነው ሲሄዱ ነበር፤ ከቦሌ እስከ ባሕር ጠለል። ያን ጊዜ ምንም ካልሆኑ አውሮፕላኑን ይተዉት።

የጠረጠርኩት ያን ሙሉ ቀን የገባውን ውሃ ነው። ይህን ይሞክሩ። የጆሮዎን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይጎትቱት። ከዚያ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ጫን ይበሏት። ሁለቱም ካመምዎት ችግሩ ውጪኛው የጆሮ ቦይ ላይ ነው። ቦዩ ረጥቦ ሲውል ቆዳው ይላላል፣ በኮተን ወይም በክብሪት እንጨት ሲጎረጎር ይላጣል፣ ጀርም ይገባበታል። ሕክምናው ከሐኪም የሚታዘዝ የጆሮ ጠብታ ነው። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ ታምቡሩ አለመቀደዱን ማየት አለበት። ዘይቱን የምከለክለውም ለዚሁ ነው። ታምቡሩ ተቀዶ ቢሆን ዘይቱ ቁስሉን አልፎ ውስጥ ይገባል። አማትዎ ያሉት አስበው ነው። ሐኪሙ ጆሮዬን ሳያይ ምንም አታስገቢ አለኝ ብለው በአክብሮት ይንገሯቸው። ሲታጠቡም ውሃ እንዳይገባበት ይጠንቀቁ።

ጀርባዎ በራሱ ጊዜ ይድናል። የሚላጠውን ቆዳ አይንቀሉት፣ ቫዝሊን ይቀቡት፣ ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ አያግኘው።

እግረ መንገዴን ለሌሎች ሙሽሮች አንድ ነገር ልጨምር። በመጨረሻው ቀን የአየር ጋን አዝላችሁ ወደ ባሕር ጥልቀት ከወረዳችሁ በዚያው ቀን አትብረሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። በግፊት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው መገጣጠሚያንና ነርቭን ይጎዳል። እኛ ደግሞ ከአውሮፕላን ወርደንም የምናርፈው 2,300 ሜትር ላይ ነው። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይዞ ከላይ ከላይ መዋኘት ግን ችግር የለውም።

ስለ ባለቤትዎ ምንም አልጻፉልኝም። እሳቸውም ያደሩት እዚያው ክፍል ነው። አሁን ደኅና ቢሆኑም በሚቀጥሉት 3 ወራት ትኩሳት ከጀመራቸው በዚያው ቀን ይመርመሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ዛሬ ሲሄዱ አብረውዎት ይሂዱ፤ ብርድ ብርድ እያለዎት ብቻዎን በባጃጅ አይውጡ።