ባለ40 ሌንስ ወተት ሲለብስ

ፒያሳ አካባቢ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ለተማሪዎቼ የሽንኩርት ሴል ላሳይ ስል በማይክሮስኮፑ ባለ4 እና ባለ10 ሌንስ (4 እና 10 ጊዜ በሚያጎሉት) ጥርት ብሎ ይታየኛል። ባለ40ውን ሳዞር ግን ቅርጹ ይመጣና ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። አምፖሉን ቀየርኩ፣ የዓይን ሌንሱን ወለወልኩ፣ ለውጥ የለም። ተማሪዎቹ ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ክብ ነገሮች እያዩ ‹ሴል አገኘን› ይሉኛል። አዲስ ሌንስ ልግዛ?»

መምህርት፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። «ቅርጹ ይመጣል» ማለትዎ ብዙ ነገር ነግሮኛል። ምስሉ ከነጭራሹ አልጠራ ቢል ኖሮ ስላይዱ፣ ማለትም ናሙናው የተቀመጠበት መስታወት፣ ተገልብጦ ገብቷል እል ነበር። የስላይድ መስታወት ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ባለ40 ሌንስ ደግሞ ከሚያየው ነገር ያለው ርቀት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በተገለበጠ ስላይድ ውስጥ አልፎ ሊያይ አይችልም። ባለ4ና ባለ10 ከሩቅ ስለሚያዩ ተገልብጦም ያሳያሉ፤ ብዙ ሰው ሌንሱ የተበላሸ የሚመስለው ለዚህ ነው። የእርስዎ ግን ቅርጹ እየመጣ ነው የደበዘዘው። እኔ የምጠረጥረው ኢመርሽን ኦይል ነው፤ በሌንስና በስላይድ መካከል የሚደረገው ዘይት።

ዘይቱ የሚያስፈልገው ለባለ100 ሌንስ ብቻ ነው። የዘይቱ ብርሃን የማጠፍ መጠን 1.515 ገደማ ሲሆን ከመስታወት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በመንገዱ ሳይታጠፍ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ባለ40ው ግን በእሱና በስላይዱ መካከል አየር እንዲኖር ተደርጎ ነው የተሠራው። አንድ ሰው በባለ100 ዘይት አድርጎ ካየ በኋላ ወደ ባለ40 ሲመልሰው ጫፉ ዘይቱን ነክቶ ያልፋል። ዘይቱ ከአቧራ ጋር ይደርቃል፣ ወራት ያልፋሉ፣ የነካውም ሰው ይረሳዋል።

እንዲህ ያረጋግጡ። የዓይን ሌንሱን ከቱቦው ነቅለው ይገልብጡት፤ ሁልጊዜ ዓይንዎን የሚያስጠጉበት ወገን ወደ ባለ40ው ጫፍ ይዙር። አሁን ጥሩ ማጉያ መነጽር ይዘዋል ማለት ነው። በመስኮት ብርሃን ሌንሱን ያዘንብሉና ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት ይመልከቱ። ንጹህ ከሆነች እንደ ውኃ ጠብታ ታበራለች። ዘይት ካለባት ሽሮ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት የመሰለ ቀለም ያለው ሽፋን ያያሉ፣ ካልሆነም ዙሪያዋን የደረቀ ሙጫ የመሰለ ቀለበት።

ሲያጸዱ ሶፍት አይጠቀሙ፣ የጋዋን ጫፍም እንዲሁ፤ ሁለቱም ይቧጭራሉ። የሌንስ ወረቀት ጫፉን ጠምዝዘው መጀመሪያ በደረቁ ዘይቱን ይምጠጡ፣ አይሹት። ቀጥለው በሌላ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ የሌንስ ማጽጃ ወይም ንጹህ አልኮል ያድርጉና ከመሃል ወደ ዳር እያዞሩ ይጥረጉ። ጠብታው ወረቀቱ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አይንጠብ። መስታወቱን የያዘው ማጣበቂያ በፈሳሽ ሲርስ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ እውነትም አዲስ ሌንስ ሊያስፈልግዎት ነው። ሦስት አራት ጊዜ ወረቀት እየቀየሩ ይድገሙት፤ የደረቀ ዘይት በአንዴ አይለቅም።

ካጸዱም በኋላ ከደበዘዘ ከቨር ስሊፑን፣ ናሙናው ላይ የሚከደነውን ስስ መስታወት፣ ይጠርጥሩ። ባለ40 ሌንስ የሚሠራው 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ከቨር ስሊፕ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ላቦራቶሪ ጠርቶኝ ሌንሱን ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ ገጠምኩ፤ ምንም አላገኘሁም። በመጨረሻ ስላይዱን በጣቴ ጫፍ ስነካው ከቨር ስሊፖቹ ሁለት ሆነው ተጣብቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌንስ ከመንካቴ በፊት ስላይዱን አያለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

የተማሪዎቹ «ሴሎች» የአየር አረፋ ናቸው። አረፋ ፍጹም ክብ ነው፣ ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር፣ ውስጡ ባዶ። የሽንኩርት ሴል እንደ ጡብ ረዘም ብሎ ጎን ለጎን የተደረደረ ነው። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ ውኃው ላይ አስነክተው አዘንብለው ቀስ ብለው ሲያስተኙት አየሩ በሌላኛው ወገን ይወጣል። ከላይ ዝም ብለው ከጣሉት አረፋ መቅረቱ አይቀርም።

ስለ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ራሴ በጣም የምወደው ስለሆነ። የእኛ ቀይ ሽንኩርት ለዚህ ትምህርት የተፈጠረ ይመስለኛል። የሽንኩርቱ ንብርብር ውጭ በኩል ያለው ስስ ቆዳ ሴሎቹ ሐምራዊ ውኃ ስለያዙ ያለ ምንም ቀለም የሴሉ ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኒውክለሱን ለማሳየት ግን የውስጥ በኩሉን ነጭ ቆዳ ልጠው አንድ ጠብታ አዮዲን ያድርጉበት፤ ወደ ቢጫ ቡናማ ይለወጣል። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ቢያሳዩዋቸው አረፋውን ሴል የሚል ልጅ የሚኖር አይመስለኝም።

በባለ40 የሚታየው ስፋት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሽንኩርት ሴል ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሴል ብቻ ቢያዩ አይደንግጡ። በባለ10 ፈልገው፣ መሃል አድርሰው፣ ከዚያ ባለ40ውን ያዙሩ፤ ከዚያ በኋላ ትልቁን የምስል ማስተካከያ አይንኩ፣ ትንሹን ብቻ። ከታች የሚመጣውን ብርሃን የሚቆጣጠረውን ዲያፍራምም ሙሉ በሙሉ አይክፈቱት። የውስጠኛው ቆዳ ሴል እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃን ሲበዛ ጠርዙ ይጠፋል።

ተገልብጦ በተያዘው የዓይን ሌንስ ሲያዩ ዘይት ሳይሆን ከመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ፣ ያ ክረምት የጣለው ሻጋታ ነው። በዚያ ላይ አልኮል አይረዳም። ባለ40ውን ብቻ በግራ አዙረው ይፍቱና በንጹህ ወረቀት ጠቅልለው ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ ማይክሮስኮፑን ሙሉ በሙሉ ይዞ በታክሲ መጋፋት አያስፈልግም። ቀዳዳውን በክዳን ይድፈኑት።

ባለ100ውንም ያኔውኑ ይፍቱት። ለሽንኩርትም ለጉንጭ ሴልም አያስፈልግዎትም። ከዘይቱ ጠርሙስ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት፣ ባክቴሪያ ማሳየት ሲፈልጉ ራስዎ አውጥተው ይግጠሙት።