የጎማ ነፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት፦ ጥያቄና መልስ

የጥያቄዎቹ ሁሉ መነሻ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው፣ የፈረስ ኮቴ የምትመስለው፣ መሐሏ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት ናት። ከአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ አሽከርካሪዎች የጠየቁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ጎሚስታ ጋ አራቱንም ጎማ አስሞላሁ፤ መብራቷ ግን አልጠፋችም። ቤቴ ሆኜ ማጥፋት እችላለሁ?

ትችላለህ። መጀመሪያ ግን ራስህ ለካ። ትክክለኛው መጠን የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ እሱን አትከተል። መኪናው 3 ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት ከግቢ ሳትወጣ ብትለካ ይመረጣል። መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ኤሌክትሪኩን ብቻ ክፈት። በብዙ ቶዮታዎች ከመሪው በታች ያለችውን መጫኛ መብራቷ ቀስ እያለች 3 ጊዜ ብልጭ እስክትል ተጭነህ ያዝና ልቀቅ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ኤሌክትሪኩን አጥፋው። መጫኛ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ትእዛዙን ከስክሪኑ ማውጫ ውስጥ ይዘውታል።

ከኮዬ ፈጬ፦ መለኪያ የለኝም። ዝም ብዬ ብጫነውስ?

እባክሽ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። ያቺ መጫኛ መኪናውን «አሁን ያለው የጎማ ነፋስ ትክክለኛው ነው» ብላ የምታስተምር ናት። ብዙ መኪኖች ጎማ ውስጥ መለኪያ የላቸውም፤ የሚያውቁት በፍሬን ሥርዓቱ የፍጥነት መቁጠሪያ ነው። የተነፈሰ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ መኪናውም ከዚያ ይረዳል። በተነፈሰ ጎማ ላይ ስትጫኚው ጉድለቱን እንደ ልክ ይመዘግበዋል፤ ከዚያ በኋላ መብራቷ ብትጠፋም አደጋው አለ። በአዳማው ፈጣን መንገድ የተነፈሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል፣ ከውስጥ ይላቀቃል፣ ድንገት ይፈነዳል። መለኪያ ዋጋው ከአንድ ጎማ ጋር አይወዳደርም፤ ግዢና መኪናው ውስጥ አስቀምጪው።

ከሱሉልታ፦ ጠዋት ትበራለች፤ ቀትር ላይ ትጠፋለች። ተበላሽታ ይሆን?

አልተበላሸችም፣ ልክ ናት። ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲወርድ ነፋሱ 1 ፒ ኤስ አይ (ጎሚስታው የጎማ ነፋስ የሚለካበት አሃድ) ገደማ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የእርስዎ ጎማ ከድንበሩ በታች እየወረደ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣና መኪናው ሲሄድ ይመለሳል። ጠዋት በብርዱ ይሙሉት።

ከቡራዩ፦ በሞላሁ በሳምንቱ ትመለሳለች።

ሚስማር ወይም የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ። የሳሙና አረፋ ጎማው ላይና ቫልቩ አፍ ላይ አፍስስና አረፋው የሚፈላበትን ቦታ ተመልከት። ኮሮኮንች ላይ የምትነዳ ከሆነ የቸርኬውንም ጠርዝ አትርሳ፤ ትንሽ ከተጣመመ ነፋሱ በዚያ ይወጣል።

ከጣፎ፦ ሞተር ሳስነሳ ለ1 ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና ከዚያ በርታ ትቀራለች።

ይህ የነፋስ ጉዳይ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ታሟል። ጎማ ውስጥ መለኪያ ያላቸው መኪኖች መለኪያው የራሱ ባትሪ አለው፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሠርቶ ያልቃል፣ መላውን መለኪያ መቀየር ነው። ያገለገለ መኪና የገዛህ ከሆነ ቸርኬው ተቀይሮ መለኪያው አብሮ ሄዶም ይሆናል። መጫኛው ይህን አይፈታውም። መለኪያው ከቫልቩ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ጎማ ስታስፈታ ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ብረቱን ከቫልቩ ራቅ አድርጎ እንዲያስገባ ቀድመህ ንገረው፤ አንዴ ከተመታ ይሰበራል።

ከአያት፦ የባትሪውን ገመድ ብነቅለውስ?

አይጠቅምም። የሬዲዮህንና የሰዓትህን ቅንብር ታጠፋለህ፤ ጉድለቱ ካለ መብራቷ ትመለሳለች።

ከሰበታ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ስክሪን 230 ይላል። ይህ ምን ያህል ነው?

በኪሎ ፓስካል ነው። 100 ኪሎ ፓስካል 1 ባር፣ 14.5 ፒ ኤስ አይ ማለት ነው፤ 230ው 33 ገደማ ይሆናል። በሩ ላይ 250 ተጽፎ ከሆነ ጎሚስታውን 36 ሙላልኝ በለው።