የቀላ ዓይንና የደበዘዘ ዓይን፦ ከኮሮና በኋላ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ኮሮና ይዞኝ ሳምንት ሙሉ ስስል ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የግራ ዓይኔ ነጩ ደም ለብሷል። አያመኝም፣ በደንብም አያለሁ። ጎረቤት «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቂበት» አለችኝ፤ ፋርማሲ ደግሞ ጠብታ ሸጡልኝ። የቱን ላድርግ?
(ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። ደሙ የፈሰሰው የዓይንን ነጭ በሚሸፍነው ስስ ቆዳ ሥር ነው። ሰው አጥብቆ ሲስል የደረቱ ግፊት ይንርና ወደ ልብ መመለስ ያለበት ደም አንገትና ራስ ላይ ይጠራቀማል፤ በሽፋኑ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ስሮች አንዱ ይበጠሳል። ሽፋኑ ልል ስለሆነ አንድ ጠብታ ደም እንኳ ተዘርግቶ ብዙ ይመስላል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቢሰፋም አይደንግጡ። ከዚያ ጠርዙ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ይህን የሚያፋጥን ጠብታ የለም።

ያልጸዳ የቅጠል ጭማቂ የዓይንን ፊት ሊያቆስልና ጠባሳ ሊጥል ይችላል። የፋርማሲውን ጠብታ ደግሞ ብልቃጡን ያንብቡት፤ «ዴክሳ» የሚል ካለበት ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ስቴሮይድ ጠብታ በአንዳንድ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሰውየውም ምንም አይታወቀውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ያድርጉ፦ የደም ግፊትዎን ይለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ፣ ክንድዎ በልብ ትክክል ይደገፍ፣ ሁለት ጊዜ ይለካ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ራስዎ አያቋርጡት፤ ደምዎ ምን ያህል እንደቀጠነ በላቦራቶሪ ይታይልዎ። ዓይንዎ ካመመዎ፣ ብርሃን ካስፈራዎ፣ እይታዎ ከቀነሰ፣ ድድ ወይም አፍንጫ አብሮ ከደማ፣ ወይም ደሙ በየጊዜው ከተመላለሰ ይታዩ። ሰው የሚሮጠው እንዲህ ላለው ቀይ ዓይን ነው። እኛን ያሳሰበን ቀጥሎ ያለው ደብዳቤ ነው፣ ጸሐፊዋ ግን የቸኮሉ አይመስሉም።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቱን አንዳንዴ ታቋርጣለች። ኮሮና ይዟት ከዳነች ወር ሳይሞላ ቀኝ ዓይኗ ላይ ጭጋግ መጣ። አልቀላም፣ አያማትም። መነጽር ቤት ተለክታ መነጽር ገዛንላት፣ ምንም ለውጥ የለም።
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ብሌን አስፍቶ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ወደሚያይ የዓይን ሐኪም ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። አንድ ዓይን፣ ያለ ሕመም፣ በድንገት ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ሲደበዝዝና መነጽር ሳያስተካክለው ሲቀር መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሬቲና ደም መልስ መዘጋትን ነው።

ሬቲና ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በሚሻገሩበት ቦታ አንድ ሽፋን ይጋራሉ። የደም ግፊት ለዓመታት ደም ቅዳውን ሲያደነድነው ጎረቤቱን ደም መልስ ይጫነዋል፤ እዚያ ላይ ደም ይዘገያል። ኮሮና ሲጨመርበት የስሮቹ ውስጠኛ ግድግዳ ይቆጣል፣ ደምም ለመርጋት ይፈጥናል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በቫይረሱ ላይ መጣል አይገባም፤ የተቋረጠው የግፊት መድኃኒትም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የብራዚል ሐኪሞች ኮሮና የያዛቸውን 12 አዋቂዎች ዓይን መርምረው፣ በአራቱ ሬቲና ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦችና ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ቦታዎች ማየታቸውን በላንሴት መጽሔት ጽፈዋል። እይታቸው ግን ደህና ነበር። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ በስኳርና በደም ግፊት ሕመምተኞችም ስለሚታይ ብቻውን በኮሮና ላይ አያስፈርድም። ኮሮና ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደም መልሳቸው አይዘጋም።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የቆየ ስም አለው፣ ሐረጎን ወጥቶ ከደሴ አለፍ ብሎ ነው። ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ምስል ማንሻ መሣሪያና የዓይን ውስጥ መርፌ መኖሩን ደውለው ይጠይቁ፤ ከሌለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሪፈር ያስጽፉ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የብሌን ማስፊያ ጠብታ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ አይሪሱን (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል) ይመልከትላቸው። አዲስ የበቀሉ ቀጫጭን ስሮች በጠርዙ ላይ ካሉ ብሌኑ ከሰፋ በኋላ አይታዩም። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም በዚያው ቀን ይሠራ።

ሬቲናው መሃል ላይ ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ሕክምናው መርፌ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቤቫሲዙማብ 1.25 ሚሊግራም በ0.05 ሚሊ ሊትር ነው። ዓይን ይደነዝዛል፣ በአዮዲን ይታጠባል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ በነጩ በኩል ይወጋል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይደገማል። በአንድ መርፌ ተሻለኝ ብሎ የቀረ ሰው ውሃው ተመልሶበት ይመጣል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው፣ ሕመም፣ መቅላትና የእይታ መቀነስ አብረው ከመጡ ኢንፌክሽን ስለሚሆን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሰፊ ክፍሉ ደም ያጣ ሬቲና ደግሞ በሦስት ወር አካባቢ አይሪሱ ላይ አዲስ ስር ያበቅልና የዓይንን ግፊት ያንራል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ያማል፣ እይታውም ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየወሩ መታየት አይቀርም። እናትዎ አስፕሪን ከጎረቤት ተቀብለው እንዳይጀምሩ፤ የተዘጋውን ደም መልስ አይከፍተውም።

በየቀኑ የሚሠራ የቤት ምርመራም አለ። ከባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ላይ መሃሉን በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ። የማንበቢያ መነጽር ካላቸው አድርገው፣ ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍ ከድነው ነጥቡን ይዩ። መስመሩ ከተጣመመ ወይም ከጠፋ ቀኑን ይመዝግቡ። ሁለቱን ዓይን ከፍቶ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል።

በሰከንዶች ውስጥ እንደ መጋረጃ ጨለማ ከወረደ ግን የተዘጋው ደም ቅዳው ሊሆን ይችላል። ያ የዓይን ስትሮክ ነው፣ የሚቆጠረውም በሰዓት ነው፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ጨልሞ ቢመለስም መሄድ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ራስ ምታትና ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመም ካለው ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ የደም ቅዳ ቁጣ ሊሆን ስለሚችል ኢኤስአር የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዛል።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ከማየው ነገር መሃል ጎን አንዲት ግራጫ ነጥብ ቀረች፣ ስልክ ላይ ፊደል ትውጥብኛለች። ሐኪም በባትሪ አይቶ «ደህና ነህ» አለኝ።
(ከደሴ)

መልስ፦ ዋሽተህ አይደለም። ከትኩሳት በሽታዎችና ከኮሮና በኋላ የሬቲና ጥቃቅን ስሮች ደም ሲያጥራቸው የሚመጣ ጉዳት አለ፤ በባትሪ ቀርቶ በጥሩ መሣሪያም በቀላሉ አይታይም፣ ኦሲቲ ያወጣዋል። የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ቅሪቱ ግን ሊቆይ ይችላል። ነጥቧን በካሬው ወረቀት ላይ ሥላትና በየወሩ አወዳድር። ከሰፋች ተመለስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ደም መልሱ ተዘግቶ ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ተሞላለት። ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መምጣት ተከልክሏል። በአውቶቡስስ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይምጣ። ሰው አውሮፕላኑን ይጠነቀቅና መንገዱን ይረሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጋዙ አሥር በመቶ ያህል ይሰፋል። የዓይን ግድግዳ ስለማይለጠጥ ግፊቱ ይንርና ደም ቅዳውን ሊዘጋ ይችላል።

«በአፋር እንዞራለን» የሚሉም አሉ። በአዋሽና በሚሌ የሚሄደው መንገድ ከአዲስ አበባ በላይ አይወጣም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቆላ ላይ ጋዙ ይኮማተራል፣ ዓይኑም በሰዓታት ውስጥ ጎደሎውን በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፤ ከዚያ ከሚሌ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ሲወጣ ያው ችግር ይመጣል።

የትኛው ጋዝ እንደገባ ይጠይቁ። ኤስኤፍ6 የሚባለው ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሲ3ኤፍ8 ደግሞ ሁለት ወር ድረስ ይቆያል። የገባው ሲሊኮን ዘይት ከሆነ ከፍታ ችግር የለውም። ጋዝ ያለበት ሰው ሲራመድ የሚወዛወዝ መስመር ያያል። ያ መስመር ጠፍቶ ሐኪሙም መጥፋቱን እስኪያረጋግጥ አዲስ አበባ ይሰንብት። በመሃል ሌላ ቀዶ ሕክምና ካጋጠመው፣ ጋዝ እንዳለበት ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይንገር፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ማደንዘዣ ጋዙን ያብጠዋል። ሳያውቅ ተነስቶ መንገድ ላይ ዓይኑ ካመመው ወይም ከጨለመበት መኪናው ሽቅብ መቀጠል የለበትም፤ ወደመጣበት ዝቅታ ተመልሶ አቅራቢያው ባለ ሆስፒታል የዓይን ግፊቱ ይለካ።