ለብቻህ ስታርድ ፋሱን ቤት ተወው

ከወረባቦ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ፍየልህ ገደል ገብታ እግሯ ስለተሰበረ ከቤትህ የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ግጦሽ ላይ ለብቻህ አርደሃታል። በፋስ ስትፈልጣት ሥጋው በአጥንት ስብርባሪ ተሞላ፣ ፈርስ ነካው፣ ቤት ሲደርስም ሸተተ። አሁን የምትጠይቀኝ ለሌላ ጊዜ ምን ቀላል ዕቃ ይዘህ እንደምትወጣ ነው።

በመጀመሪያ ፋሱን ተወው። ፍየል በመገጣጠሚያዋ የምትለያይ እንስሳ ናት፤ የሚፈለጥ ነገር የላትም። ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢላዋ፣ ትንሽ መሳያ ድንጋይ (ስቡ ስለቱን ቶሎ ያደነዝዘዋል)፣ አራት ሜትር ገመድ፣ ክንድ የሚያህል ሲባጎና ሁለት የአቡጀዲ ከረጢት ይበቁሃል። ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ ግን ለሥጋ አታስብ።

ይህን ሁሉ የምልህ በሕይወት ደርሰህ ላረድካት ነው። ድንገት ሞታ ካገኘሃት፣ በተለይ ከአፍንጫዋና ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አትክፈታት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገር።

ባርከህ ካረድካትና ደሟ ከቆመ በኋላ የኋላ እግሮቿን ቋንጃ ከአጥንቱ ለይተህ ብሳውና ወፍራም እንጨት አሳልፍበት። ገመዱን በወይራ ቅርንጫፍ ላይ ወርውረህ መጀመሪያ ወገብህ ድረስ ብቻ ሳባት፤ የኋላዋን ገፈህ ስትጨርስ ደግሞ ከፍ አድርጋት። በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ለመስቀል የሚታገል ሰው ወገቡን ነው የሚጎዳው። ዛፍ ከሌለ በሁለት ድንጋይ መካከል በጀርባዋ አስተኝተህ አንዱን ጎን ግፈፍ፣ ቆዳውን እንደ ሰሌን አንጥፈህ አገላብጣት። ቢላዋ የሚያስፈልግህ እግሩና ጭራው ጋ ብቻ ነው፤ ሌላውን በጡጫህ እየገፋህ አላቀው፤ የተበሳ ቆዳ ዋጋ አያወጣም። አንድ እጅህ ፀጉሩን ብቻ፣ ሌላው ሥጋውን ብቻ ይንካ።

ያንተ ሥጋ የተበላሸው ሆዱ ላይ ነው። ከመክፈትህ በፊት ፊንጢጣውን ዙሪያውን ቆርጠህ ሳብ አድርግና በሲባጎ እሰረው፤ አንገቷ ላይ ያለውንም የምግብ ቧንቧ እንዲሁ። ከዚያ ሁለት ጣትህን ከሆድ ዕቃው በላይ አስገብተህ ስለቱን ወደ ውጭ አዙረህ በጣቶችህ መካከል እየነዳህ ክፈት። ተሰቅላ ስለሆነ ሆድ ዕቃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በክንድህ ደግፈው እንጂ አትጎትተው። ሐሞቱን ከጥፍር የማይበልጥ ጉበት አስከትለህ አንሳው። እኔ አንድ ዓመት ለበዓል ተጣድፌ አፍርጬው ጉበቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል።

ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካየህ ለውሻህ አትጣልለት። ውሻው ውስጥ ትል ይሆንና እንቁላሉ ተመልሶ ለሰው ይተርፋል። በጥልቀት ቅበረው።

አሁን ሥጋውን በየብልቱ መበለት ነው። ወርች ከጎድን ጋር የሚያያይዘው አጥንት የለውም፤ ወደ ጎን ስታነሣው ክፍተቱ ይታይሃል፣ በዚያ ብትቆርጠው ይወድቃል። ታፋውን ወደ ኋላ አጥፈው፤ ክቡ አጥንት ከጉድጓዱ «ቀጭ» ብሎ ሲወጣ ጅማቱን ብቻ ቁረጥ። ሽንጡን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ተከትለህ አውጣው። በቁሟ 25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል 11 ኪሎ ገደማ ትወጣለች፤ አጥንቱን እዚያው ብትተወው ሸክምህ ወደ 7 ኪሎ ይወርዳል። ባለቤትህ ጎድኑን የት ጣልከው ብላ ብትጠይቅ ግን መልሱን አንተው ፈልግ።

ትኩስ ሥጋ ላስቲክ ውስጥ አትክተት፤ የሸተተብህ አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቅርንጫፍ ላይ በጥላ ዘርጋው፣ ነፋሱ ላዩን እስኪያደርቀው ጠብቅ፣ ከዚያ በከረጢት አድርገህ በዱላ ግራና ቀኝ አንጠልጥለህ ጉዞህን ቀጥል።