ሥራ ልትገቢ ነው ብለሽ ጡት አታስጥይ

እህቴ፣ «ልጄ አራት ወሩ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ሥራ እገባለሁ፣ ጡት ላስጥለው ወይ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እንዳታደርጊው! የእኔው ሥራ ገብቼም ዓመት ተኩል እስኪሞላው ጠብቷል።

1. ማለቡን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ጀምሪ። ጠዋት ጡት ሞላ ስለሚል ይቀልሻል። ጡጦውን ግን ሌላ ሰው ይስጠው። የእኔው አባቱ ታቅፎት እያለ ድምፄን ከሰማ አፉን ግጥም ያደርግ ነበር። ከቤት ስወጣ ነው የለመደው።

2. የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ወደ 6 ወር ይቆያል። ቀኑን ጻፊበት። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቢው፤ እኩል ስለማይሞቅ አፉን ያቃጥለዋል። ጡጦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

3. መሥሪያ ቤትሽን ከመግባትሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊያችን፣ ያውም ወልዳ ያሳደገች ሴት፣ «ሽንት ቤት ገብተሽ እለቢ» አለችኝ። እሷ ምሳዋን እዚያ ትበላለች? አለቃዬ ደግሞ ልክ ማለቢያ ሰዓቴ ላይ ስብሰባ ይጠራል። ወተት ካልወጣ ይጠራቀማል፣ ሰውነትም ማምረቱን ይቀንሳል። አንድ ቀን ጡቴ ድንጋይ ሆኖ፣ ቀልቶ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ ቤቴ ገባሁ። ሐኪሙ የጡት ብግነት ነው አለኝ፤ መድኃኒት ሰጥቶ ማጥባቱን እንዳላቆም ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ይሉኝታ የሚባል ነገር ተወኝ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 አለ። አንቀጽ 10 የማጥቢያ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበታል ይላል። አትሜ ከደብዳቤዬ ጋር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አገርሽ ባታጸድቀውም የራስሽን የሠራተኛ ሕግ አገላብጪ፣ ብዙ አገር የራሱ ድንጋጌ አለው። እኔን ቃል ሳይተነፍሱ የእቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ወንበር አለው፣ ሶኬት አለው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ከእኔ በኋላ የወለደችው ባልደረባዬ ማንንም ሳትለምን ገባችበት። ይህችን ለራሴ እቆጥራታለሁ!

4. ማታ ማታ ማጥባቱን አትተይ። ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል፣ ቀን የጎደለውንም ይክስልሻል። ሥራ የምትጀምሪውን ቀን ደግሞ፣ ከፈቀዱልሽ፣ ከሳምንቱ አጋማሽ ወዲህ አድርጊው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሠርተሽ እረፍት ቀን ይደርስልሻል።